የሣር ብናኝ ሕመምና በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት

ኪሊማኒ ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተምዕራብ የሚገኝ ሠፈር ነው። ስሙም በስዋሂሊ ቋንቋ «በኮረብታው ላይ» ማለት ነው። በናይሮቢ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም ከመጋቢት እስከ ግንቦት እና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ገደማ ይጥላል። ዝናቡን ተከትሎ ሣሩ ሲያብብ አንዳንድ ሕፃናት ደጋግመው ያስነጥሳሉ፤ አፍንጫቸው ይፈስሳል ወይም ይታፈናል፤ ዓይናቸውንም ያሳክካቸዋል። ወላጆች ይህን ሲያዩ ጉንፋን ይመስላቸዋል። ጉንፋን ግን ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይለቃል፤ ይህ ሕመም ለሳምንታት ይቆያል። ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣ ልጅም በማግስቱ ትምህርቱን በሚገባ ሊከታተል አይችልም።

እንግሊዞች ሕመሙን «የድርቆሽ ትኩሳት» ይሉታል። ይሁን እንጂ ሕመሙ ትኩሳት የለውም፤ መነሻውም ድርቆሽ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ብላክሊ በራሱ ላይ ሙከራ አድርጎ፣ መንሥኤው የአበባ ብናኝ መሆኑን በ1873 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል። የሕመምተኛው ሰውነት ብናኙን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ማሳከክና ማስነጠስም ከዚህ የተነሣ ይመጣሉ። በናይሮቢ ጎዳናዎች ዓይን የሚስበው ሐምራዊው የጃካራንዳ አበባ ተጠያቂ ሊመስል ይችላል። የእርሱን ብናኝ ግን በአብዛኛው የሚያጓጉዙት ንቦችና ሌሎች ነፍሳት ናቸው። በነፋስ ተጭኖ አፍንጫ የሚገባው ማንም ልብ የማይለው የሣር ብናኝ ነው።

በአፍንጫ ከሚረጩት መድኃኒቶች ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ኮርቲኮስቴሮይድ ያለበት ሲሆን፣ የአፍንጫን የውስጥ እብጠት ያበርዳል። ሙሉ ጥቅሙ የሚታየው በየቀኑ ሲወሰድና ቀናት ሲያልፉ ነው። ሁለተኛው የታፈነውን አፍንጫ ወዲያው ይከፍታል፤ ነገር ግን ከጥቂት ቀናት በላይ ከተወሰደ መታፈኑን መልሶ ያብሰዋል። ስለዚህ የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን እንደ ልጁ ዕድሜ የሚወስነው ሐኪም ነው። መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ከሆነም ሐኪሙ የልጁን ቁመት እየለካ እድገቱን ይከታተላል።

በአረጫጨቱም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልጁ በመጀመሪያ ይናፈጣል፤ ቀጥሎም ራሱን በመጠኑ ወደ ፊት ያዘነብላል። የመርጫው ጫፍ ወደ መካከለኛው የአፍንጫ ግድግዳ ሳይሆን በዚያው ወገን ወዳለው ጆሮ አቅጣጫ ይደረጋል፤ ግድግዳው ላይ ከተረጨ አፍንጫው ሊደማ ይችላልና። ከተረጨ በኋላ በኃይል ወደ ውስጥ መሳብ አይገባም፤ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል።

ብዙ ወላጆች በሁለተኛው ቀን «አልሠራም» ብለው መድኃኒቱን ይተዋሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር እዚህ ላይ ሊታወስ ይገባል።