‹ፋየርፍላይ›፦ በአጭር የተቀጨው የጠፈር ድራማ

‹ፋየርፍላይ› የተባለው የአሜሪካ የሳይንስ ልብወለድ ተከታታይ ድራማ በፎክስ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 2002 ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 20 ቀን ከአየር ወረደ። ከተቀረጹት 14 ክፍሎች ጣቢያው ያሳየው 11ዱን ብቻ ነበር። ያለጊዜያቸው ስለተቋረጡ ድራማዎች በተነሳ ቁጥር ስሙ ቀድሞ የሚጠራውም በከንቱ አይደለም፤ ተመልካች ከታሪኩ ጋር በወጉ ሳይተዋወቅ የተቋረጠ ሥራ ነውና።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ2517 ነው። የሰው ልጅ ምድርን ለቆ በሌላ ፀሐይ ዙሪያ በሚገኙ ዓለማት ላይ ሰፍሯል። መሃል ያሉት ሀብታም ፕላኔቶች ‹አሊያንስ› በሚባል ኃያል መንግሥት ይመራሉ፤ ዳር ያሉት ደግሞ በፈረስ የሚኬድባቸው፣ ሕግ የላላባቸው የድሆች አገሮች ናቸው። የድራማው ፈጣሪ ጆስ ዊድን ሐሳቡን ያገኘው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስለተካሄደው የጌቲስበርግ ውጊያ የተጻፈውን የማይክል ሻራን ልብወለድ ካነበበ በኋላ ነው። በጦርነት የተሸነፈ ሰው ከሽንፈቱ በኋላ እንዴት ይኖራል የሚለውን ጥያቄ አንስቶ ወደ ጠፈር ወሰደው። ናታን ፊሊየን የተጫወተው ካፒቴን ማልኮም ሬይኖልድስ ከተሸናፊው ወገን የተረፈ ወታደር ነው። ‹ሰረኒቲ› በምትባል ያረጀች የጭነት መንኮራኩር እርሱን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዎች ይኖራሉ፤ ያገኙትን ሥራ ይሠራሉ፣ ሲቸግራቸውም ይሰርቃሉ። የወደፊቱ ሥልጣኔ ከአሜሪካና ከቻይና ውህደት የተወለደ በመሆኑ ሰዎቹ ሲናደዱ የሚሳደቡት በማንዳሪን ነው። ከመንኮራኩሯ ውጭ ባሉት የጠፈር ትዕይንቶች ደግሞ ፍንዳታም ሆነ የሞተር ጩኸት አይሰማም፤ አየር በሌለበት ድምፅ አይሄድምና።

ዊድን ለመክፈቻ ያዘጋጀው የሁለት ሰዓት ክፍል በመንኮራኩሯ ስም ‹ሰረኒቲ› ይባላል። የሚጀምረው በጦር ሜዳ ነው። ሬይኖልድስ አንገቱ ላይ ያለውን መስቀል ስሞ ወደ ውጊያው ይገባል፤ ወታደሮቹንም የአየር ድጋፍ እየመጣ ነው እያለ ያበረታታል። የመጣው ግን መሣሪያ አስቀምጡ የሚል ትእዛዝ ነው። ቀና ብሎ ሲያይ ሰማዩን የሞሉት የጠላት መርከቦች ናቸው። ታሪኩ ከዚያ ስድስት ዓመት ይዘልና ካፒቴኑን በማዕድ ዙሪያ ያሳየዋል። ተሳፋሪው ሰባኪ ምግቡን ልባርክ ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ ድምፅ ሳያሰማ ከሆነ እንደማይከለክለው ይመልስለታል። መስቀሉን ሲስም ያየ ተመልካች ይህ ሰው በዚያ ጦር ሜዳ ምን እንደቀበረ ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

የፎክስ ኃላፊዎች ግን ይህን ክፍል አልወደዱትም። ይንቀረፈፋል፣ ካፒቴኑም ፊቱ አይፈታም ብለው ሌላ መክፈቻ ጠየቁ። ዊድንና ባልደረባው ቲም ሚኒር በአንድ ቅዳሜና እሁድ ስለ ባቡር ዘረፋ የሚተርክ አዲስ ክፍል ጽፈው አስረከቡ፤ ድራማውም በእርሱ ተጀመረ። እውነተኛው መክፈቻ የታየው በመጨረሻው ቀን፣ ድራማው መሰረዙ ከታወቀ በኋላ ነው።

በመካከል ያሉትም ክፍሎች ቦታ ቦታቸውን አላገኙም። ሚኒር የጻፈው ‹ነዳጅ አልቋል› የተሰኘ ክፍል አለ። የመንኮራኩሯ ሞተር ይበላሻል፣ አየሩም እያለቀ ይሄዳል። ካፒቴኑ ባልደረቦቹን በትናንሽ በራሪዎች ካሸሸ በኋላ ቆስሎ ብቻውን በጨለማው መተላለፊያ ይሳባል፤ እግረ መንገዱንም እያንዳንዳቸው ወደ መንኮራኩሯ የመጡበትን ቀን ያስታውሳል። ከድራማው ምርጥ ክፍሎች አንዱ ነው። ልብ የሚነካው ግን ሰዎቹን አስቀድሞ ለወደዳቸው ነው። ዊድን በስምንተኛነት ያስቀመጠውን ፎክስ አምስተኛ አድርጎ፣ ያውም መክፈቻውን ላላየ ተመልካች አቀረበው።

የስርጭት ሰዓቱም ሌላ እንቅፋት ነበር። ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት ከ18 እስከ 49 ዓመት ያለውን ተመልካች ነው። ድራማው የተመደበው ደግሞ ወጣቱ ከቤት በሚወጣበት ዓርብ ምሽት ላይ ነው። ገና ሦስት ክፍል እንደታየም ለቤዝቦል ጨዋታ ሲባል አንድ ሳምንት ተዘለለ። የኒልሰን ድርጅት በናሙና ቤቶች ላይ ባደረገው ቆጠራ አማካይ ተመልካቹ 4.7 ሚሊዮን ሲሆን ደረጃው 98ኛ ሆነ። ለትልቅ ብሔራዊ ጣቢያ ይህ ዝቅተኛ ቁጥር ነው። መንኮራኩርና ፕላኔት መሥራት ደግሞ ሁለት ሶፋ ባለው ሳሎን ውስጥ ከሚቀረጽ ኮሜዲ እጅግ ይበልጥ ያስወጣል።

የዚያን ጊዜው ቆጠራ የሚያሳየው ስንት ሰው በዚያ ምሽት እንዳየ ነው፤ ያየው ሰው ምን ያህል እንደወደደው አያሳይም። ይህ ጉድለት በ‹ስታር ትሬክ›ም ታይቷል። ጂን ሮደንቤሪ የፈጠረው ይህ ድራማ በኤንቢሲ የጀመረው በ1966 ነው። በሁለተኛው ዓመት ሊሰረዝ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ቢጆ ትሪምብልና ባለቤቷ ጆን ተመልካቹን አስተባብረው ጣቢያውን በደብዳቤ አጥለቀለቁት። ጣቢያው ድራማው እንደሚቀጥል በአየር ላይ ተናገረ፤ ሦስተኛውን ምዕራፍ ግን ዓርብ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ጣለው። የመጨረሻው ክፍል የታየው ጁን 3 ቀን 1969 ነው፤ ሰው ጨረቃን ከመርገጡ ሰባት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ። የተሠሩት 79 ክፍሎች በየከተማው ጣቢያ በድጋሚ ሲታዩ ግን ከመጀመሪያው የበለጠ ተመልካች አፈሩ። በ1976 የናሳ የመጀመሪያው የሙከራ ሹትል በድራማው መንኮራኩር ስም ‹ኢንተርፕራይዝ› የተባለው በወዳጆቹ ደብዳቤ ነው።

‹ፋየርፍላይ› ለድጋሚ ስርጭት የሚበቃ ብዛት አልነበረውም፤ ያዳነው ዲቪዲ ነው። በዲሴምበር 2003 አሥራ አራቱም ክፍሎች በትክክለኛ ቅደም ተከተላቸው ሲወጡ ሽያጩ ከተጠበቀው በላይ ሆነ። በድራማው ውስጥ በተሸነፈው ጦር ስም ራሳቸውን ‹ቡናማ ካፖርቶች› ያሉት ወዳጆቹም እየበዙ ሄዱ። ዩኒቨርሳል የፊልም መብቱን ገዝቶ በ2005 ‹ሰረኒቲ› የተሰኘውን ፊልም አወጣ። ወደ 39 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ያስገባው 40 ሚሊዮን ገደማ በመሆኑ ተከታይ አልተሠራለትም። በ2007 ጠፈርተኛው ስቲቨን ስዋንሰን የድራማውንና የፊልሙን ዲቪዲ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ይዞ ወጥቷል።

ከዚያ ወዲህ የተሻለ ዕድል የገጠማቸው አሉ። ሳይፋይ ጣቢያ በ2018 ከሦስተኛው ምዕራፍ በኋላ የሰረዘውን ‹ዘ ኤክስፓንስ› አማዞን ተረክቦ እስከ ስድስተኛው አድርሶታል። በሌላ በኩል ኔትፍሊክስ በሦስት ምዕራፍ ሊጠናቀቅ የታሰበውን ‹1899› ከወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው ሰርዞታል። ጣቢያና የስርጭት መንገድ ቢለወጥም በጥቂት ሳምንታት ቁጥር መፍረድ አልቀረም። አዲስ ዓለም ከነሕጉና ከነታሪኩ የሚያቆም ድራማ ደግሞ ከማንም በላይ ጊዜ ይፈልጋል።

‹ፋየርፍላይ›ን ለማየት የሚያስብ አንባቢ ፎክስ ያሳየበትን ተራ ትቶ የዲቪዲውን ይከተል። በሁለት ሰዓቱ ‹ሰረኒቲ› ይጀምር፣ አሥራ አራቱን ክፍሎች ይጨርስ፣ ፊልሙን ከሁሉም በኋላ ይይ።