በእሳት አደጋ መከላከያ ጣቢያ የሚቀርብ አቤቱታ እንዴት እንደሚያዝ

የእሳት አደጋ መከላከያ ሠራተኛ ኑሮ ከሌላው የመንግሥት ሠራተኛ ኑሮ የተለየ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የእሳት አደጋው ተረኛ ግን ከጓዶቹ ጋራ በአንድ ማዕድ ይበላል፤ ደወል ሲደወልም ነፍሱን ለእነርሱ አደራ ሰጥቶ ወደ ጢሱ ይገባል። ይህ መተማመን የሥራው ምሰሶ ነው። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ ሌላውን በበደለ ጊዜ፣ ያው መተማመን የተበዳዩን አፍ የሚዘጋ ልጓም ይሆናል። የተናገረ ጓዱን እንደ ከዳ ይቈጠራል፤ አቤቱታውን የሚቀበለው አለቃም ብዙ ጊዜ የበዳዩ ባልንጀራ ነው።

የዚህ ነገር ጕዳት በግልጽ ከታየባቸው ከተሞች አንዷ ሎንዶን ናት። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. አንድ ወጣት ተለማማጅ የገዛ ሕይወቱን ካጠፋ በኋላ፣ የከተማው የእሳት አደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት የውስጥ ሁኔታው በውጭ ሰው እንዲመረመር አደረገ። ምርመራውን የመሩት የቀድሞው ዐቃቤ ሕግ ናዚር አፍዛል ውጤቱን በ2022 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር ገለጡ። በአንድ ጥቁር ሠራተኛ የዕቃ ሣጥን ላይ የመስቀያ ሸምቀቆ ተንጠልጥሎ ነበር፤ በአንድ ሙስሊም ሠራተኛ ኪስ የዐሣማ ሥጋ ተጨምሮ ነበር፤ የአንዲት ሴት ሠራተኛ የራስ ቍርም ሽንት ተሞልቶበት ነበር። መርማሪው በዘርና በጾታ ማዳላት በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሥር እንደ ሰደደ ደመደሙ፤ ዋናው አዛዥ አንዲ ሮም የቀረቡትን 23 የማሻሻያ ሐሳቦች ተቀበሉ።

ከተወሰዱት እርምጃዎች ዋነኛው አቤቱታ ከጣቢያው ውጭ ባለ ነፃ አካል እንዲታይ መደረጉ ነው። ያለፉት አምስት ዓመታት አቤቱታዎችም እንደ ገና እንዲመረመሩ ተወሰነ። በማርች 2023 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት ተቈጣጣሪዎች ማስፈራራትና ማዳላት፣ መጠኑ ቢለያይም፣ በእንግሊዝ አገር ባሉት 44 የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ እንዳለ አስታወቁ፤ ሠራተኛው በምስጢር የሚያመለክትበት መንገድ በየቦታው እንዲኖርም አሳሰቡ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሥርዐቱን በዝርዝር ማወቅ ነው። አንደኛ፣ አቤቱታው በቃልም ቢነገር በዚያው ዕለት ከነሰዓቱና ከነምስክሮቹ በጽሑፍ ይመዘገባል። ሁለተኛ፣ ተቀባዩ ከተከሳሹ ተራ ውጭ የሆነ ሰው ይሆናል። ሦስተኛ፣ ሁለቱን ለጊዜው መለየት ቢያስፈልግ አቤት ባዩ ከሚወደው ሥራ አይነሣም፤ እንዲህ ቢደረግ መናገር ቅጣት ያመጣል ተብሎ ይወራልና። አራተኛ፣ ተከሳሹ የቀረበበትን ነገር ዐውቆ መልሱን ይሰጣል፤ ክስ ብቻውን ፍርድ አይደለም። አምስተኛ፣ ውሳኔው በተቈረጠ ቀን ይሰጣል፤ ለአቤት ባዩም ይነገረዋል። ስድስተኛ፣ ከውሳኔው በኋላ ቂም በቀል እንዳይደርስበት አለቃው ለወራት ይከታተላል።

«ቀልድ ነው፤ እርስ በርሳችሁ ጨርሱት» የሚል አለቃ ሰላም ያወረደ ይመስለዋል። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። በጣቢያው ውስጥ የተናቀ ሰው በእሳቱ ፊት ጓዱን ሊያምን አይችልም፤ በዚህም የሚጐዳው እርሱ ብቻ ሳይሆን፣ ከሚነደው ቤት ውስጥ ሆኖ የሚጣራው ሕዝብ ጭምር ነው።