ዳትሰን 240ዜድ ወይስ ቶዮታ ሴሊካ? በካርቱም አሮጌ የስፖርት መኪና ለማደስ የሚያስብ ሰው ምን ማወቅ አለበት?

ሞተሩ የተነቀለ፣ ጎማው ከነቸርኬው የተፈታ፣ መስታወቱ የረገፈ መኪና በዛሬዋ ካርቱም ከመንገድ ዳር የማይጠፋ ዕይታ ነው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲቀሰቀስ የከተማዋ ነዋሪ በሚሊዮኖች ሸሸ። ጥሎት የሄደው መኪናም በብዛት ከተዘረፉት ንብረቶች አንዱ ሆነ።

ሠራዊቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱን መልሶ ከያዘ ወዲህ ወደ ከተማዋ የሚመለሱ ሰዎች በርካታ ጥያቄዎች ይጠብቋቸዋል። ከእነዚህ መካከል ትንሽ የሚመስል ነገር ግን የገንዘብም የስሜትም ክብደት ያለው አንድ ጥያቄ አለ። የቀረው የመኪና አካል ይታደሳል ወይስ ለብረት ሻጭ ይሰጣል?

ጥያቄው የዕለት እንጀራ የሚገኝበትን መኪና ብቻ የሚመለከት አይደለም። አሮጌ የስፖርት መኪና ገዝቶ፣ ፈታትቶና አድሶ ዳግም ለመንገድ ማብቃት በብዙ የዓለም ክፍሎች የዓመታት ትዕግሥት የሚጠይቅ ፍቅር ነው። በዚህ ፍቅር ውስጥ ደጋግመው የሚነሱ ሁለት የጃፓን ስሞች አሉ፦ ዳትሰን 240ዜድ እና የመጀመሪያው ትውልድ ቶዮታ ሴሊካ።

ሁለቱም በካርቱም ጎዳናዎች በየዕለቱ የሚታዩ አይደሉም። ዘመዶቻቸው ግን በየጋራዡ አሉ። የምርጫው ቁልፍም ያለው እዚያው ነው።

ሁለቱ መኪኖች ምንና ምን ናቸው?

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኒሳን በጃፓን "ፌርሌዲ ዜድ" ያለውን መኪና ለሕዝብ ያስተዋወቀው በ1969 ነበር። ለውጭ ገበያ የቀረበው 240ዜድ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር ሞተር፣ ሁለት ካርቡሬተርና ሁለት መቀመጫ ብቻ ነበረው። አራቱም ጎማዎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚንቀሳቀሱበት አሠራር በዚያ ዘመን በውድ የአውሮፓ መኪኖች ላይ የሚታይ ነበር። በአሜሪካ ገበያ ሲወጣ ዋጋው 3,526 ዶላር መሆኑ ተፎካካሪዎቹን አስደነገጠ።

ቶዮታ ሴሊካ የመጣችው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1970 ነው። ስሟ "ሰማያዊ" ከሚል የላቲን ቃል የተወሰደ ቢሆንም አሠራሯ ምድራዊ ነበር። ከስሯ ያለው አካል ካሪና ከተባለችው የቤተሰብ መኪና ጋር የሚጋራ ነው። አራት ሰው ትይዛለች፤ ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር ነው። በጃፓን የተሸጠችውና በጣም የምትፈለገው 1600 ጂቲ 115 የፈረስ ጉልበት ነበራት። የኋላዋ ጎማዎች በአንድ ወጥ ዲፈረንሻል የተያያዙ ሲሆኑ በሞላ ላይ ያርፋሉ።

በአጭሩ 240ዜድ ከመነሻው ለስፖርት የተሠራ መኪና ነው። ሴሊካ ደግሞ የስፖርት ልብስ የለበሰች የቤተሰብ መኪና ናት። ለገዢ ይህ ልዩነት የክብር ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ለመካኒክ ግን የመለዋወጫ ጉዳይ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ አቧራ የተሠራ ስም

የሁለቱ መኪኖች ዝና ከቀጣናችን ርቆ የተፈጠረ አይደለም። በ1953 የተጀመረውና በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ይካሄድ የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በዓለም ላይ ከነበሩት እጅግ አድካሚ ውድድሮች አንዱ ነበር። ዳትሰን 240ዜድ ይህን ውድድር በ1971 እና በ1973 አሸንፏል።

የ1973ቱ አሸናፊ ሼካር ሜህታ ኡጋንዳ ውስጥ የተወለደ የእስያ ዝርያ ያለው ሰው ነው። ኢዲ አሚን እስያውያንን ከኡጋንዳ ባባረሩ ማግስት፣ መኖሪያውን ኬንያ አድርጎ ነበር ያሸነፈው። ውድድሩን ከሌላ የዳትሰን አሽከርካሪ ጋር በእኩል ነጥብ ጨርሶ በመለያ ደንብ መቅደሙ እስካሁን ይወሳል።

የሴሊካ ስም በሳፋሪ የገነነው ዘግይቶ ነው። ቱርቦ የተገጠመላት ተከታይ ትውልድ ከ1984 እስከ 1986 ለሦስት ተከታታይ ዓመታት አሸነፈች።

ይሁን እንጂ ገዢ ሊዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። በሳፋሪ ያሸነፉት መኪኖች ከኋላቸው መለዋወጫ የጫነ የመካኒክ ቡድን ይከተላቸው ነበር። ጋራዥ ውስጥ የቆመው አሮጌ መኪና የወረሰው ስሙን እንጂ ቡድኑን አይደለም።

ሞተሩ በሠፈሩ ዘመድ አለው?

በዓለም ገበያ ደረጃ ብቻ ቢታይ መልሱ ለ240ዜድ ያደላል። አብዛኞቹ 240ዜዶች የተሸጡት በአሜሪካ በመሆኑ፣ በዚያ አገር ከበር ጎሚኒ እስከ ወለል ላሜራ ድረስ አዲስ እያመረቱ የሚሸጡ ድርጅቶች ተፈጥረዋል። ለመጀመሪያዋ ሴሊካ እንዲህ ያለ ሰፊ ገበያ የለም። የፊት መብራት ክፈፍ ወይም የውስጥ ጌጥ የጎደላት ሴሊካ ባለቤቷን ለዓመታት ልታስፈልግ ትችላለች።

ካርቱም ላይ ሲደረስ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ሱዳን ከ1997 እስከ 2017 በአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ሥር ነበረች። ሽብርን ይደግፋሉ ከተባሉ አገራት ዝርዝር የወጣችው በ2020 መገባደጃ ነው። ከአሜሪካ ዕቃ አዝዞ በባንክ መክፈል ለአንድ ትውልድ የማይታሰብ ነበር። ጦርነቱ ደግሞ ባንኩንም፣ መጋዘኑንም፣ አውሮፕላን ማረፊያውንም ከሥራ ውጪ አደረገ። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ መለዋወጫ ማለት በእግር ተሂዶ የሚገኝ ዕቃ ነው።

ሴሊካ የምትበልጠው እዚህ ላይ ነው። 1.6 ሊትር ሞተሯ በ1970ዎቹ ኮሮላና ካሪና ላይ ከተገጠመው ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ለውጭ ገበያ በቀረቡ ሴሊካዎች ላይ የሚገኘው 2 ሊትር ሞተር ደግሞ በዘመኑ በኮሮናና በሃይሉክስ ላይም ተገጥሟል። ሱዳናውያን "ቦክሲ" የሚሉት ሃይሉክስ ፒክአፕ አገሪቱን ሰው፣ እህልና ከብት ጭኖ ሲያመላልስ የኖረ መኪና ነው። የቶዮታን ሞተር ዐይኑን ጨፍኖ የሚፈታ መካኒክ በካርቱምም፣ በገዳሪፍም፣ በመተማም አይጠፋም።

ዳትሰኑም ቢሆን ፈጽሞ ዘመድ አልባ አይደለም። የ240ዜድ ሞተር የኒሳን "ኤል" ቤተሰብ ነው። ከ1980 ጀምሮ በወጣው ኒሳን ፓትሮል ላይ የሚገኘው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 2.8 ሊትር የቤንዚን ሞተር የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። 240ዜድን በዚህ 2.8 ሊትር ሞተር ማስነሳት በዓለም ዙሪያ የታወቀ መፍትሔ ሲሆን፣ ከፓትሮል የተወሰደ ከሆነ አንዳንድ ተያያዥ ክፍሎችን ከድሮው ሞተር ማዛወር ያስፈልጋል። በፓትሮል የሚታወቀው ናፍጣ ሞተር ግን ለዚህ አይሆንም፤ ከቤተሰቡ ውጪ ነው።

እንግዲህ ሞተር ለሁለቱም ይገኛል። ልዩነቱ የሚሰፋው በኋላ ዲፈረንሻሉ፣ በካምቢዮውና በፍሬኑ ላይ ነው። የሴሊካ ቀላል አሠራር ለሠፈር መካኒክ የተለመደ ነው። የ240ዜድ ራሱን የቻለ የኋላ አሠራር ግን ሲያረጅ ምትኩን ከሩቅ ይጠይቃል።

ሙቀትና ፀሐይ የሚያበላሹት

በካርቱም ከዝናቡ ወራት በፊት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ መውጣቱ የዘወትር ነገር ነው። "ሃቡብ" የሚባለው የአቧራ ማዕበልም ከተማዋን ቀኑን ጨለማ ያደርግባታል።

በ240ዜድ ሞተር ላይ ነዳጅ የሚገባበትና ጭስ የሚወጣበት ቱቦ በአንድ ጎን ናቸው። ካርቡሬተሮቹ የተቀመጡት ከጋለው የጭስ መውጫ በላይ ነው። በመሆኑም መኪናው በሙቀት ተነድቶ ሲቆም ቤንዚኑ በመስመሩ ውስጥ ይተንናል፤ ሞተሩም መልሶ ለመነሳት ያስቸግራል። የሙቀት መከላከያ ላሜራ መግጠምና የቤንዚን መስመሩን ከግለት ማራቅ ችግሩን ያቃልላል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። በሴሊካ 1.6 ሊትር ሞተር ላይ ሁለቱ በተቃራኒ ጎን በመሆናቸው ይህ ችግር ይቀንሳል።

ፀሐይ ሌላ ሥራ ትሠራለች። የ240ዜድ ክሩስኮት በፀሐይ በመሰንጠቁ የታወቀ ነው። በሁለቱም መኪኖች የበርና የመስታወት ጎሚኒዎች ይደርቃሉ፤ የፍሬን ቱቦዎች ይሰነጣጠቃሉ። ለዓመታት የቆመ መኪና ሞተሩ ቢነሳ እንኳ የጎማ ክፍሎቹ በሙሉ እንደሞቱ መቁጠር ይበጃል።

ለአጣሪ አየር ማጽጃውን ከፍቶ ማየት ቀላሉ ፈተና ነው። አቧራ አልፎ ወደ ውስጥ ከገባ ሲሊንደሩና ፒስተኑ መበላታቸው አይቀርም።

ደረቅ አገር ዝገት የለውም?

የዚያ ዘመን የጃፓን መኪኖች ትልቁ ጠላት ዝገት ነው። 240ዜድ በተለይ ከባትሪው ሥር፣ ከወለሉና ከበሮቹ በታች ይበላል። በዚህ ረገድ የካርቱም ደረቅ አየር ለብረት ምሕረት ነው።

ነገር ግን ከተማዋ ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙባት ናት። በ2020 የዓባይ ሙላት ክብረ ወሰን ሰብሮ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከማወጅ ደርሳለች። በጎርፍ ተውጦ የነበረ መኪና ውጪው ቢያምርም ከውስጥ የሚበላው ቀስ ብሎ ነው። ምንጣፉን አንስቶ ወለሉን ማየት፣ ከመቀመጫ ሥር ደለል መፈለግና የኤሌክትሪክ ሽቦ መገጣጠሚያዎችን መክፈት ከዋጋ ድርድር በፊት ሊቀድም ይገባል።

ሞተር መቀየር የሳምንት ሥራ ሊሆን ይችላል። የተበላ አካል በባትላሜራ እጅ ማቃናት ግን የወራት ሥራና የኪስ ማራገፊያ ነው።

መሪው በየት በኩል ነው?

ሱዳን ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ የተሻገረችው በ1973 ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በ1964 ቀድማታለች። ጃፓንና ኬንያ እስከ ዛሬ በግራ መንገድ ይነዳሉ። ስለዚህ ከጃፓን ወይም ከኬንያ የሚመጣ መኪና መሪው በቀኝ ነው፤ ከአሜሪካ የሚመጣው በግራ። መሪ ማዛወር በወረቀት ላይ ቀላል ቢመስልም ክሩስኮቱን፣ ፔዳሎቹንና የመሪውን ማርሽ መለወጥ ስለሚጠይቅ በእነዚህ ብርቅ መኪኖች ላይ አይመከርም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ አንባቢ ሌላ ግድግዳ ይገጥመዋል። መንግሥት በ2020 ባወጣው የኤክሳይስ ታክስ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ቀረጥ ጥሏል። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዕቃ የሚያፈላልግ አዳሽ ምርጫው አገር ውስጥ በቀሩ መኪኖች ላይ የተወሰነ ነው ማለት ነው።

ከሞተሩ በፊት ወረቀቱ

በካርቱም ዛሬ ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ "መኪናው የማን ነው?" የሚለው ነው። በጦርነቱ የተዘረፉ መኪኖች ከከተማ ከተማ፣ ከድንበር ድንበር ተሻግረዋል። በርካሽ የቀረበ አሮጌ መኪና በስደት ያለ ሰው ንብረት ሊሆን ይችላል። ያ ሰው ደግሞ በመተማ በኩል ኢትዮጵያ ከገቡት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተሰዳጆች አንዱ ሊሆን ይችላል።

የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተሩን ቁጥር ከባለቤትነት ደብተሩ ጋር ሳያመሳክሩ መግዛት ሕጋዊ አደጋ ብቻ አይደለም፤ የሌላ ሰው ኀዘን ላይ መገንባትም ነው። ሞተር መቀየር በተለመደበት ከተማ የሞተሩ ቁጥር ላይመሳሰል ይችላል። የሻንሲ ቁጥር የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ከሆነ ግን ድርድሩ እዚያው ማብቃት አለበት።

ታዲያ የትኛው?

ዋጋ ብቻውን መልስ አይሰጥም። በ2020 መባቻ እምብዛም ያልተነዳ የ1971 ዳትሰን 240ዜድ በአሜሪካ የበይነ መረብ ጨረታ 310 ሺህ ዶላር መሸጡ ብዙ ሻጮችን አጓጉቷል። ያ ዋጋ የተከፈለው ግን ላልተነካ መኪና ነው። ተፈትቶ በካርቶን ለተቀመጠ 240ዜድ የሚጠየቅ ዋጋ ከዚያ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም።

አካሉ ሙሉ፣ ወረቀቱ ንጹሕ የሆነ 240ዜድ ያገኘና ከውጭ ዕቃ የሚልክለት ዘመድ ያለው ሰው ሊሞክረው ይችላል። ያለቀ ዕለት የሚያስገኘው ደስታም የገንዘብ ዋጋም ከሴሊካ ይበልጣል።

ከሠፈሩ ጋራዥ ውጪ መተማመኛ ለሌለው ሰው ግን ሴሊካ ትሻላለች። ፈጥና ወይም አምራ ሳይሆን ልትጨረስ የምትችል በመሆኗ ነው።

ሥራው ሲጀመርም ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ፍሬኑ፣ ቀጥሎ ራዲያተሩና የማቀዝቀዣ መስመሩ፣ ከዚያ የቤንዚን መስመሩና የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ ከዚያ አካሉ ይሠራል። ቀለም የመጨረሻው ነው። ብዙ የእድሳት ሥራዎች መንገድ ላይ የሚቀሩት ይህ ቅደም ተከተል ተገልብጦ፣ ገንዘቡ በቀለም ስለሚያልቅ ነው።

ካርቱም ራሷ ዛሬ በእድሳት ላይ ያለች ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ጊዜ አሮጌ የስፖርት መኪና ማደስ ቅንጦት ሊባል ይችላል። ነገር ግን ፍሬን የሚያድሰው፣ ላሜራ የሚያቃናው፣ ሽቦ የሚዘረጋው እጅ ቦክሲውንና አምቡላንሱንም የሚያስነሳ እጅ ነው። መኪናን ከመጣል ይልቅ መጠገን የሚችል ሰው ወደ ከተማዋ ሲመለስ፣ ይዞት የሚመለሰው ከአንድ መኪና የሚበልጥ ነገር ነው።