የደብረ ብርሃን ሥላሴ ሕንፃና ጥበቃው

ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ የግንቡ ልክ፤ በሩና የውስጡ ክፍል ሁሉ ያለ ምሥጢር እንደማይደረግ የታወቀ ነው። ይህንንም ከሚያስረዱት አንዱ በጎንደር ከተማ ያለው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ይህን ደብር የተከሉት ከ1674 እስከ 1698 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ ናቸው፤ ቅዳሴ ቤቱም በ1686 ዓ.ም. ተከበረ። የፊተኛው ሕንፃ ክብ እንደ ነበረ የቀረው መሠረቱ ያመለክታል። እርሱ ከጠፋ በኋላ የተሠራውና ዛሬ የሚታየው ግን አራት ማዕዘን ሆኖ ርዝመቱ ከወርዱ ይበልጣል፤ በአገሩ የሚበዛው ክብ ቤተ ክርስቲያን ነውና በዚህ ከሌሎቹ ይለያል። ግድግዳው የድንጋይ፤ ክዳኑ የሣር ነው። በቅጥሩ ዙሪያ ያሉት 12 ክብ ግንቦች በሐዋርያት፤ 13ኛው የመግቢያው ግንብ በክርስቶስ ምሳሌ እንደ ተሠሩ ይነገራል።

በውስጡም ክንፍ ያላቸው የኪሩቤል ፊቶች በጣሪያው ላይ በተርታ ተሥለው ወደ ምእመናን ይመለከታሉ፤ እግዚአብሔር በሁሉ ቦታ መኖሩንም ያስተምራሉ። በመቅደሱ ግድግዳ ሥዕለ ሥላሴና ስቅለት ይታያሉ። የግድግዳው ሥዕል በድንጋዩ ላይ ሳይሆን በግድግዳው በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው።

በእንግሊዝ አገርም ማርች በምትባለው ከተማ በቅድስት ዌንድሬዳ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ከመቶ የሚበልጡ ከእንጨት የተቀረጹ መላእክት ይገኛሉ። ነገር ግን በ1640ዎቹ እ.ኤ.አ. ምስልና ሥዕል እንዲፈርስ በመታዘዙ በዚያ አገር ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጌጣቸውን አጡ። ጎንደርም በ1880 ዓ.ም. በደርቡሾች እጅ ስትቃጠል ብዙ አድባራት ሲጠፉ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ፤ የንብ መንጋ ጠላትን እንዳባረረ የአገሩ ሰው ይተርካል።

ከእሳት የተረፈውን ሥዕል ግን ውኃ ሊያጠፋው ይችላል። የሣር ክዳን በየጊዜው ካልታደሰ ዝናም ያሳልፋል፤ ውኃውም በግድግዳው ሲወርድ ጨርቁን ያላቅቃል፤ ቀለሙንም ያጥባል። ደብሩ በ1972 ዓ.ም. ከፋሲል ግቢ ጋራ በዓለም ቅርስ መዝገብ መጻፉ ታላቅ ክብር ነው፤ ይሁን እንጂ መዝገብ ጣሪያ አይከድንም። ስለዚህ ካህናቱ የክዳኑን መሳሳት አስቀድመው ማመልከት፤ ሹማምንቱም ገንዘቡንና ባለሙያውን ክረምት ሳይገባ ማዘጋጀት ይገባቸዋል። የደበዘዘውንም ሥዕል በቅንነት አድሳለሁ ብሎ አዲስ ቀለም የሚደርብበት ሰው ካለ፤ ከዝናሙ ይልቅ እርሱ ይጎዳዋልና ሊከለከል ይገባል።