አጥር የሚዘል ፈረስ፣ ጎረቤት የሚያጣላ አህያ

የዛሬው ገጻችን ስለ ራሽንም ስለ ሪሴትልመንትም አይደለም። ስለ እንስሳ ነው። «ሰው በተቸገረበት ቦታ ደግሞ ስለ እንስሳ?» የምትሉ አትጠፉም። ግን እስቲ ትንሽ ታገሱን። እንስሳው አጥር ዘሎ የሚገባው ሰው ጓሮ ነውና ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሰው ነው።

በካምፕ የኖረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሌሊት አንድ አህያ ገመዱን ይፈታል፣ ወይም የእሾህ አጥሩን ገፍቶ ይወጣል። ከዚያ የጎረቤት ሸልተር ላስቲኩን በአፍንጫው ገልጦ የማሽላውን ጆንያ ይቀደዋል። ጠዋት ሲነጋ የወሩ ቀለብ ግማሹ ተበልቶ፣ ግማሹ አፈር ላይ ተበትኖ ይገኛል። ባለ ጆንያው ዱላ ያነሳል። ባለ አህያው ደግሞ «እንጀራዬን ሊገድልብኝ ነው» ብሎ ይሮጣል፤ ጋሪ የሚጎትትለትና ልጆቹን የሚያበላለት ያ አህያ ነዋ! ሁለቱ ከተያያዙ በኋላ ስለ አህያው የሚያነሳ የለም። «የእናንተ ሰዎች»፣ «የእኛ ሰዎች» መባባል ይመጣል። ባለቤቱ ከካምፑ ውጪ ያለ የአካባቢው ነዋሪ ከሆነማ ነገሩ የባሰ ነው።

ታዲያ እንስሳ ከታጠረበት ለምን ይወጣል? ምን ቢደረግ ይቀራል? ከፈረስ እንጀምር። ብዙዎቻችን ከፈረስ አገር ነው የመጣነው፤ የፈረስን ዓመል ያወቀ ደግሞ የአህያውም አይጠፋውም።

አጥር የማይበቃው እንስሳ

በአገራችን ፈረስ የክብር እንስሳ ነው። ጀግናም ንጉሥም በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። አጼ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። በአዊ ዛሬም ጥር 23 ቀን የፈረሰኞች በዓል በድምቀት ይከበራል። ይሁንና ያው የተከበረው ፈረስ ባልታሰበ ሰዓት ከመስኩ ዘሎ የሰው ገብስ ውስጥ ገብቶ ሲገኝ «አመለኛ» ይባላል፣ «ሌባ» ይባላል፣ ይደበደባል።

አጥር ከፍ በማድረግ ብቻ ይቆማል ብለን ተስፋ አናድርግ። እ.ኤ.አ. በ1949 ዓ.ም. በቺሊ ቪኛ ዴል ማር ከተማ ሁዋሶ የተባለ ፈረስ፣ ካፒቴን አልቤርቶ ላራጊቤል ተቀምጦበት፣ 2 ሜትር ከ47 ሳንቲ ሜትር ዘሏል። ይህ ክብረ ወሰን እስካሁን አልተሰበረም። ከረጅም ሰው በላይ ማለት ነው፣ ያውም ሰው ተሸክሞ! እርግጥ ነው፣ ሁሉም ፈረስ እንደዚያ አይዘልም። የመንደር ፈረስ ግን የሰው ወገብ የሚያህለውን አጥር ከምር ከፈለገ አይቸግረውም። ስለዚህ «አጥሩ ምን ያህል ይሁን?» ከማለታችን በፊት «ፈረሱ ምን ፈልጎ ወጣ?» ብንል ይሻላል።

አንደኛው ምክንያት ብቸኝነት ነው። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው። ብቻውን ሲሆን ጠላት ቢመጣ የሚያይለት የለም፤ ስለዚህ አይተኛም፣ አያርፍም፣ አጥር ለአጥር ይመላለሳል። ከማዶ ሌላ ፈረስ ሲያሽካካ ከሰማ አጥሩን አያየውም። ባዝራ የሸተተው ድንጉላማ ጭራሽ አይያዝም።

ሁለተኛው ረሃብ ነው። የፈረስ ሆድ ለትልቅ ገላው ትንሽ ነው። እንደ በሬ ባንዴ በልቶ ተኝቶ የሚያመሰኳ አይደለም። መስክ ላይ የተለቀቀ ፈረስ ከ24 ሰዓት ውስጥ እስከ 16 ሰዓት ድረስ ሲግጥ ሊውልና ሊያድር ይችላል። ጠዋትና ማታ ብቻ አንድ እቅፍ ገለባ ተጥሎለት ባዶ መሬት ላይ የሚቆም ፈረስ ታዲያ ማዶ የሚታየውን አረንጓዴ ነገር ቢመኝ ይፈረድበታል?

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። ፈረስ ሲደነግጥ መጀመሪያ ይሮጣል፣ ከዚያ ነው የሚያስበው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2024 በለንደን የሆነው ጥሩ ምሳሌ ነው። የንጉሡ ክብር ዘብ ፈረሶች በጠዋት ለልምምድ ወጥተው ሳለ የሕንፃ ሥራ ዕቃ ሲወድቅ በሰሙት ድምፅ ደንብረው ወታደሮቹን ጣሉና በከተማው መሐል ጋለቡ። ከመኪና ጋር ተጋጩ፤ ሰውም ፈረስም ተጎዳ። እነዚያ ፈረሶች ሰልፍና ሙዚቃ ሲለምዱ የኖሩ ናቸው። የሠለጠነው እንዲህ ከሆነ በጅብ ድምፅ የደነገጠ የመንደር ፈረስ አጥር ጥሶ ቢወጣ ምን ይገርማል?

አራተኛው ልምድ ነው። ፈረስ አይረሳም። አንድ ቀን በከንፈሩ መቀርቀሪያውን ገፍቶ በሩን ከከፈተ በሚቀጥለውም ቀን ይሞክረዋል። አጥር ዘሎ ጥሩ ሰብል ካገኘ መንገዱን ያዘው ማለት ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ቀን ወሳኝ የሚሆነው። የወጣበትን ቦታ በዚያው ቀን መዝጋት ነው እንጂ «ነገ አደርገዋለሁ» አያዋጣም።

አህያና ፍየልስ?

በካምፕ አካባቢ ፈረስ እምብዛም አናይም። በዳዳብ ራሽን ከማከፋፈያው ወደየቤቱ የሚያመላልሰው የአህያ ጋሪ ነው። በካኩማ ዙሪያ ቱርካናዎች ፍየልና ግመል ያረባሉ፣ አህያም አላቸው። የእነዚህ ዓመል ከፈረሱ ትንሽ ይለያል።

አህያ እንደ ፈረስ መዝለል አይወድም፤ ይገፋል፣ ይደገፋል፣ ከሥር ሾልኮ ይወጣል። ሲፈራም ብዙ ጊዜ ከመሮጥ ይልቅ ደርቆ ይቆማል። ይህን ነው ሰው «ግትር» የሚለው። ጓደኝነቱ ግን የጠና ነው። ሁለት አህዮች አብረው ከኖሩ ይላመዳሉ፤ አንዱ ሲሸጥ ወይም ሲሞት የቀረው ይጮኻል፣ መብል ይተዋል፣ ፍለጋም ይወጣል። ሌሊቱን ሙሉ ለሚጮህ አህያ ዱላ መድኃኒት አይሆነውም። ከጎረቤት አህያ ጋር ጎን ለጎን ቢታሰር ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ፍየል ደግሞ በኋላ እግሯ ትቆማለች፣ ትንጠላጠላለች፣ ከአጥር አጠገብ የተቀመጠ ጀሪካን ወይም ግንድ ካገኘችማ ደረጃ አደረገችው ማለት ነው።

አጥር በእሾህ ማጠናከር ጥሩ ነው። ግን እሾሁ የሚቆረጥበት ዛፍም ለአካባቢው ሕዝብ የፍየሉ ምግብና ጥላ መሆኑን አንርሳ። አንዱን ጠብ ለመዝጋት ሌላ ጠብ እንዳንከፍት። ያለውን አጥር መጠገን፣ በሩን በሁለት ቦታ ማሰር፣ ከአጥሩ ሥር መወጣጫ የሚሆን ነገር ማንሳት፣ ሳይመሽ ውኃና ገለባ መስጠት፣ እህሉን ከላስቲኩ ጥግ አርቆ ከመሬት ከፍ አድርጎ መክደን፤ ይህ ሁሉ ብር አይጠይቅም።

ማሰርም ዘዴ አለው። እግር በሽቦ ወይም በቀጭን ናይሎን ማሰር ሥጋ ይቆርጣል፤ ሰፋ ያለ ጨርቅ ይሻላል። በጣም የረዘመ ገመድ እግር ላይ ይጠመጠምና ይጥላል። ሁለት የፊት እግሩ ታስሮ ሜዳ ላይ ያደረ ደግሞ ጅብ ሲመጣ ማምለጫ የለውም።

ጓሮ ውስጥ ስናገኘው

ምን አለፋችሁ፣ አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው እንስሳው ሲገባ ሳይሆን ሲባረር ነው። አምስት ሰው ከአምስት አቅጣጫ እየጮኸ ሲመጣ ፈረስም አህያም መውጫው ይጠፋውና ያልበላውን ጎመን ሁሉ ይረግጠዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ መውጫውን ሰፋ አድርጎ መክፈት፣ ልጆችን ማራቅ፣ ከዚያ በዝግታ መቅረብ ነው። ፈረስ ዙሪያውን ጥሩ አድርጎ ያያል፤ በቀጥታ ከኋላው ያለውንና ከግንባሩ ሥር ያለውን ግን አያይም። ከኋላ የመጣ ሰው ይረገጣል። በትከሻው በኩል፣ ድምፅ እያሰሙ፣ ትንሽ ገለባ ይዞ መጠጋት ነው።

እህል በልቶ ከሆነስ? እዚህ ላይ ባለ አህያውም ባለ ፈረሱም ጆሮ ይስጡን። ፈረስና አህያ ማስመለስ አይችሉም። ደረቅ እህል ባንዴ በብዛት ከበሉ ሆዳቸው ይነፋል፣ ቁርጠት ይይዛቸዋል፤ ከተረፉም በኋላ ሰኮናቸው ውስጥ ቆስሎ መራመድ ሊያቅታቸው ይችላል። መሬት በእግሩ የሚጭር፣ ወደ ሆዱ ዞሮ ዞሮ የሚያይ፣ የሚያልበውና የሚንከባለል እንስሳ ታሟል። እህሉን ማራቅና የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ቶሎ መጥራት ነው። ጋሪ ላይ መጥመድማ አይታሰብም። ስለዚህ በዚያች ሌሊት የተጎዳው ባለ ጆንያው ብቻ አይደለም፤ ባለ አህያውም እንጀራው ሊቀርበት ይችላል።

ካሣውን ማን ይክፈል?

«እንስሳ ነው፣ አያውቅም» ብሎ ነገሩን ማለፍ የሚፈልግ ባለቤት አለ። ልክ ነው፣ እንስሳው አያውቅም። ባለቤቱ ግን ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይናገራል፤ ከቁጥጥሩ አምልጦ ያደረሰው ጉዳት ቢሆንም እንኳ። እዚህ ካምፕ የሚሠራው ያስጠለለን አገር ሕግ ነው። ቢሆንም ያ አንቀጽ የያዘው ሐሳብ ለሁሉም የሚገባ ነው፦ አጥር መጠበቅ የባለቤቱ ሥራ ነው።

በሌላ በኩል የተበደለ ሰው የሰውን ሀብት የመቁረጥ መብት የለውም። የፈላ ውኃ የተደፋባቸው፣ በገጀራ የተመቱ አህዮችን ያየ ያውቃል። ተረቱ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላል፤ እኛ ደግሞ ባለቤቱን ፈርተን አህያውን መምታት ይዘናል። የተቆረጠ የአህያ እግር የጠፋውን ማሽላ አይመልስም። ይባስ ብሎ ካሣ ጠያቂ የነበረውን ሰው ካሣ ከፋይ ያደርገዋል።

አገር ቤት ይህ ነገር በሽማግሌ ነበር የሚያልቀው። ሽማግሌዎች ማሳው ድረስ ሄደው የተበላውን ያዩና ይገምታሉ፤ ባለ ከብቱ ይከፍላል ወይም እህል ሲደርስ ይሰጣል። እዚህም የማይቻልበት ምክንያት የለም። እንስሳውን ሳይጎዱ ይዞ ማሰር፣ ጉዳቱን ሳይነካኩ በዚያው ጠዋት ለብሎክ ሊደሩና ለሁለት ገለልተኛ ሰዎች ማሳየት፣ ከዚያ ባለቤቱን መጥራት። ባለቤቱ ከአካባቢው ሕዝብ ከሆነ የእነሱም ሽማግሌ አብሮ ይቀመጥ፤ ከብት ያሳደገ ሕዝብ የከብት ካሣ ወግ አያጣም። የሚከፍለው ብር የሌለው በሥራ ይክፈል፤ ጋሪ ያለው ሰው የጎረቤቱን ራሽን ለጥቂት ወር በነፃ ቢያመላልስለት ሁለቱም ሳይከብዳቸው ዕዳው ያልቃል።

አጥር የዘለለ እንስሳ ጓደኛ ወይም ሆድ የሚሞላ ነገር ጎድሎበት፣ አለዚያም ፈርቶ ነው። ያንን የሚያሟላለት ባለቤቱ ነው፤ ያጠፋውንም የሚክሰው እሱ ነው። የተበደለውም ትዕግሥት ይኑረው፤ ማሽላው ይተካል፣ የጎረቤት ደም ግን አይተካም። እንግዲህ ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት የየራሳችንን መቀርቀሪያ እንይ።

ቸር ይግጠመን።