ለግድግዳችን የሚሆን የአበባ ስዕል

ታትሞ የሚሸጥ የአበባ ስዕል ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ወረቀት ወይም ካንቫስ ላይ ይታተማል፣ ፍሬም ይገባል፣ ይሰቀላል። በእጅ ከተሳለው እጅግ ስለሚረክስ ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን ከጀሞ ኮንዶሚኒየም እስከ ለቡ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ በገባሁበት ሳሎን ሁሉ አስቀድሞ ዓይኔ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ለተከራይ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ወዳጅ የለም። አከራይ ግድግዳ ቀለም ቀይሩ ብሎ አይፈቅድም፤ አንድ ሚስማር ግን አይከለክልም። በደንብ የተመረጠ ስዕል ደግሞ ያንኑ ያልወደዱትን ቀለም ሌላ አድርጎ ያሳያል።

ችግሩ አመራረጡ ላይ ነው። መካኒሳ አካባቢ አንድ ፍሬም ቤት ቁጭ ብዬ ደንበኛ ሲገባና ሲወጣ አይቻለሁ። አብዛኛው የመጋረጃውን ቁራጭ ወይም የሶፋውን ፎቶ ይዞ ይመጣና «ይሄን የሚመስል አበባ» ይላል። ቀይ ሶፋ ላለው ቀይ ጽጌረዳ፣ ቢጫ መጋረጃ ላለው ቢጫ ሱፍ። እባካችሁ ይሄን ተዉ። አበባውና ቅጠሉ ከስዕሉ ስፋት ብዙውን ጊዜ ትንሹን ነው የሚይዘው። ከግድግዳው ጋር ጎን ለጎን የሚውለው አበባው አይደለም፤ ከበስተጀርባው ያለው ባዶ ቦታ፣ ማለትም የወረቀቱ ቀለም ነው።

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ በብዛት ክሬም ነው። ክሬም ላይ በጣም ነጭ ወረቀት ስትሰቅሉ ሁለት ነገር በአንዴ ይሆናል፤ ወረቀቱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ባለፈው ዓመት የተቀባው ግድግዳ ደግሞ የቆሸሸ ይመስላል። በተቃራኒው ነጭ ግድግዳ ላይ ክሬም ወረቀት ያረጀ ይመስላል። ይህን በደንብ ያስረዳው ሚሼል ዩጂን ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። ፓሪስ በሚገኘው የጎብለን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የቀለም ክፍሉን ሲመራ ጥቁሩ ክር ደብዛዛ ነው የሚል አቤቱታ ቀረበለት። ክሩን መረመረ፤ ምንም እንከን የለበትም። ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ቀለም ነበር። በ1839 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ቀለሞች ጎን ለጎን ሲሆኑ እንዴት እንደሚለዋወጡ የሚተነትን ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ተራ ነጭ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፉና በቀን ብርሃን ራቅ ብላችሁ እዩ። ወረቀቱ ከጮኸ ወረቀቱ ክሬም የሆነ ስዕል ፈልጉ። የወደዳችሁት ስዕል ነጭ ብቻ ከሆነም ፍሬም ሠሪው በስዕሉና በእንጨቱ መካከል ግራጫ ወይም አፈርማ ካርቶን እንዲያስገባ ጠይቁት፤ ሁለቱን ያስታርቃል። ከወገብ በታች በጥቁር አረንጓዴ ሲንተቲክ የተቀባ የድሮ ቤት ላላችሁ ደግሞ፣ ስዕሉ ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበትን መስመር ረግጦ አይሰቀል። ሙሉ በሙሉ ከላይ ይሁን።

አበባውስ? እኔ የራሳችንን እመርጣለሁ። አደይ አበባ በፈዛዛ ሰማያዊ ግድግዳ ላይ ያበራል፤ ክሬም ላይ ግን የቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ካላወጣው ይዋጣል። የቆርች ቀይ አረንጓዴ ግድግዳ ላይ ይበልጥ ይቀላል፤ አረንጓዴው ደማቅ ከሆነ ግን ዓይን ያደክማል። ብዙዎቻችን ቤት መጀመሪያ የተለጠፈው የአበባ ስዕልም ወንዶች ልጆች ለእንቁጣጣሽ እያዞሩ የሚሰጡት ነው፤ እሱን ፍሬም ያስገባ ቤት ሳይ ደስ ይለኛል።

ከሁሉ የምወደው ግን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ናቸው። ኮሶ፣ እንሰት፣ ቁልቋል፣ ዋንዛ፣ ጤፍ ሳይቀር አለ። የሣለው አብሮት የመጣው የቦሎኛ ተወላጅ ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው። እሱ ጎንደር ሞቶ ቀረ፤ ብሩስ ድካሙን የራሱ አድርጎ አቀረበው። የባሉጋኒ የእጅ ሥራዎች ዛሬ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። መጽሐፉ ላይ የታተሙት በጥቁር መስመር ብቻ ስለሆኑ ከየትኛውም ግድግዳ ጋር አይጣሉም፤ ከዕድሜያቸው የተነሳ የቅጂ መብት ስለማያስጠይቁ ደግሞ ማንም ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ በፈለገው ወረቀት ሊያሳትማቸው ይችላል። ግድግዳችሁ ክሬም ከሆነ የኮሶውን በክሬም ወረቀት አሳትሙት።

አሰቃቀል ላይ አንድ ነገር ብቻ። አዲስ አበባ ውስጥ ፀሐይ በክረምት ወደ ሰሜን ትሄዳለች፤ ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ በደቡብ በኩል ናት፣ በታህሳስ በደቡብ መስኮት ወደ ቤት ትገባለች። ፀሐይ በቀጥታ የምታርፍበት ግድግዳ ላይ ባለ ቀለም ስዕል አትስቀሉ። በርካሽ ቀለም የታተመ ከሆነ ቀዩና ቢጫው ቀድመው ይጠፉና ጽጌረዳው ወደ ሰማያዊ ያደላል። ለዚያ ቦታ የባሉጋኒ ጥቁር መስመር ይሻላል።