የሞተር ሳይክል አደጋ፦ ጉዳቱ፣ ሕክምናውና ካሣው

ቅዳሜ ነው። ገበያው ተበትኗል። አንድ ገበሬ በርበሬውን ሸጦ፣ ጨውና ሳሙና ገዝቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የመንገዱን ዳር ይዞ በእግሩ ይሄዳል። መሸት ብሏል። ከኋላው ሞተር ሳይክል መጣ። መብራት የለውም። ሦስት ሰው ጭኗል። ሹፌሩ ጉድጓድ ለመሸሽ ሲጠመዝዝ ገበሬውን መታው። ገበሬው ወደቀ። የግራ ቅልጥሙ ተሰበረ። አጥንቱ ቆዳውን በስቶ ወጣ።

በማግሥቱ የሞተሩ ባለቤት አንድ ሽማግሌ ይዞ ጤና ጣቢያ መጣ። በእጁ ወረቀት ይዟል።

«ወንድሜ፣ አደጋ ነው፤ ሆን ብሎ የመታህ የለም። ለመታከሚያ አሥር ሺህ ብር ይኸው። እዚህች ላይ ፈርምልኝና እንታረቅ» አለ።

ሽማግሌውም፣ «ልጄ፣ እርቅ መልካም ነው። ፈርምና ይለቅ» አሉ።

ገበሬው ብዕሩን ተቀበለ። ያን ጊዜ ሚስቱ ተናገረች። «አባቴ፣ አይቆጡኝ። እግሩ መዳን አለመዳኑ ገና አልታወቀም። ወረቀቱ ምን ይላል? እስቲ መጀመሪያ ይነበብ» አለች።

ወረቀቱ ተነበበ። «ከእንግዲህ ስለዚህ አደጋ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሣም» ይላል። ገበሬው ብዕሩን መለሰ።

ይህ ታሪክ ለምሳሌ የቀረበ ነው። ነገር ግን እንግዳ ነገር አይደለም። ዛሬ ሞተር ሳይክል፣ ወይም ብዙዎቻችን እንደምንጠራው ዶቅዶቄ፣ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ሁሉ ይገባል። ወላድ ያደርሳል፤ መድኃኒት ያመጣል፤ እህል ይጭናል። ጥቅሙ ብዙ ነው። አደጋውም አብሮት መጥቷል። ስለዚህ ሦስት ነገር እንወቅ፤ ጉዳቱን፣ ሕክምናውን፣ መብታችንን።

ምን ይጎዳል?

መኪና ቆርቆሮ አለው። ሞተር ሳይክል ግን የለውም። ሲጋጭ የሚመታው የሰው ገላ ነው።

ከሁሉ የከፋው የራስ ቅል ጉዳት ነው። ሰውየው ተነሥቶ «ደህና ነኝ» ሊል ይችላል። ከሰዓታት በኋላ ግን ያስታውከዋል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ንግግሩ ይምታታል። ይህ በጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ለመሆኑ ምልክት ሊሆን ይችላል። «ይተኛና ይለቀዋል» አይባልም። በፍጥነት ሆስፒታል መድረስ አለበት። የራስ ቁር፣ በተለምዶ ሄልሜት የምንለው፣ ለዚህ ይጠቅማል። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ የራስ ቁር የሞትን አደጋ ከመቶ 42 ያህል፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ ከመቶ 69 ያህል ይቀንሳል። ማሰሪያው ካልታሰረ ግን ሲወድቁ ይወልቃል።

ሁለተኛው የእግር ስብራት ነው። ቅልጥም፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይሰበራሉ። አጥንቱ ቆዳውን በስቶ ከወጣ ቁስሉ አፈርና እበት ይነካዋል። ከዚያም ሊያመረቅዝ ይችላል። መንጋጋ ቆልፍም በዚሁ ይገባል። ስለዚህ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። የጭስ ማውጫው የተቀመጠን ሰው ባት ያቃጥላል። ነጠላ፣ ጋቢ ወይም ረጅም ቀሚስ በኋላ ጎማ ሽቦ ሲጠመጠም ሰው ጎትቶ ይጥላል። እናቶች፣ ስትሳፈሩ ነጠላችሁን ሰብስባችሁ እሰሩ። ልጅ ከፊት በነዳጅ ጋኑ ላይ አይቀመጥ።

አደጋ ሲደርስ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ሌላ ተሽከርካሪ እንዳይደርብ መንገዱን አስጠብቁ። የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። የተሰበረውን እግር አትጎትቱ፤ እንዳለ በእንጨትና በጨርቅ ደግፉት። አንገቱን ወይም ጀርባውን ያመመው ሰው ከሆነ አታስቀምጡት፤ ብዙ ሆናችሁ አንገቱን ሳታጣምሙ በአንድነት አንሡት። ውሃም ሆነ አረቄ አትስጡት፤ ሊያንቀው ይችላል። ለአምቡላንስ በ907፣ ለፖሊስ በ991 ይደወላል።

ስለ ወጌሻ አንድ ቃል እንናገር። ወጌሻ በአገራችን የተከበረ ሙያተኛ ነው። ይሁን እንጂ የተሰበረ እግር በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ደም አይዘዋወርም። ደም ያጣ እግር ይሞታል። በዚህ ምክንያት ሆስፒታል ደርሰው እግራቸው የተቆረጠ ብዙ ሰዎች አሉ። ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ ከበረታ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ። ሰውየውም ሆስፒታል ይሂድ። አጥንቱ የወጣ ስብራት ደግሞ ከመጀመሪያውም የሐኪም ሥራ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ግልጽ ነገር ተናግሯል። ተሽከርካሪ ጉዳት ካደረሰ ካሣ ከፋዩ ባለንብረቱ ነው። «እኔ አልነዳሁም፤ የነዳው ሌላ ሰው ነው» ማለት አያድነውም። ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጥፋቱ የተጎጂው ራሱ ከሆነም ካሣው ይቀንሳል ወይም ይቀራል። ሁለት ተሽከርካሪዎች ከተጋጩ፣ የአንደኛው ሹፌር ብቻ ማጥፋቱ ካልተረጋገጠ በቀር ጉዳቱን ሁለቱ ባለንብረቶች እኩል ይካፈሉታል።

በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ደግሞ ማንኛውም ባለተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ያስገድዳል። ሞተር ሳይክልም ተሽከርካሪ ነው። ሦስተኛ ወገን ማለት እንደዚያ ገበሬ በመንገድ ሲሄድ የተመታ ሰው ማለት ነው። ሹፌሩና ባለንብረቱ በዚህ መድን አይካሱም። በአዋጁ መሠረት የተጎዳ ሰው የድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ የጤና ተቋሙም የማከም ግዴታ አለበት። ገጭቶ ያመለጠ ተሽከርካሪ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ የጎዳውን ሰው የሚክስ የመድን ፈንድም ተቋቁሟል። ስለዚህ «ገጪው ጠፍቷል» ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

መድን የሚከፍለው እስከተወሰነ ልክ ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ጉዳት ከባለንብረቱ ይጠየቃል። ካሣ የመድኃኒት ዋጋ ብቻ አይደለም። ገበሬው እግሩ ተሰብሮ ማረስ ካልቻለ፣ አራሽ የሚቀጥርበት ገንዘብ ጉዳት ነው። ወደፊት መድረሱ የማይቀር ጉዳትም ይታሰባል። ሰው ከሞተ የትዳር ጓደኛው፣ ልጆቹና ወላጆቹ የመተዳደሪያ ካሣ ይጠይቃሉ።

ማስረጃ እንዴት ይያዛል?

የታርጋውን ቁጥር ጻፉ። ወረቀት ከሌለ በክንዳችሁ ላይም ቢሆን ጻፉት። የሹፌሩን ስምና ያዩትን ሰዎች ስም መዝግቡ። ለፖሊስ አመልክቱ፤ የትራፊክ ፖሊስ የአደጋውን ፕላን ያነሣል። የሕክምና ወረቀትና ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጡ። አካል ጎድሎ ከቀረ የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ጽፎ ይሰጣል። ምን ያህል ታርሱና ታመርቱ እንደነበር የሚያስረዱ ጎረቤቶችንም አስቡ።

ጊዜው እንዳያልፍ ተጠንቀቁ። የካሣ ክስ በደንቡ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው ድህነቱን አስረድቶ ሳይከፍል እንዲከስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል።

እርቁስ?

እርቅ ባህላችን ነው፤ ሕጉም ያከብረዋል። እንዲያውም በስምምነት የተፈረመ የእርቅ ውል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ለዚህ ነው ቸኩሎ መፈረም የማይገባው። ይቅርታ ዛሬ ሊደረግ ይችላል። የገንዘቡ ነገር ግን ሐኪሙ የጉዳቱን መጨረሻ እስኪነግረን ይቆይ።

የገበሬውን ነገር እንጨርስ። ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ተላከ። አጥንቱ በብረት ተያያዘ። ሁለት ጊዜ ተሠራለት። መኸሩን በቅጥር አራሽ አረሰ። ወጪው ሁሉ ሲደመር ያ አሥር ሺህ ብር እኩሌታውን እንኳ አልሸፈነም ነበር። ቢፈርም ኖሮ በሬውን ይሸጥ ነበር። ደረሰኞቹን ይዞ ጠየቀ፤ ካሣውን አገኘ። ከዚያ በኋላ በእኚያው ሽማግሌ ፊት ከሞተሩ ባለቤት ጋር ቡና ጠጡ። እርቁም ያን ዕለት እርቅ ሆነ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሚስትየዋ ወረቀቱ ይነበብ ባትል ኖሮ ምን ይሆን ነበር?
2. የታሰረ እግር ደም እንዳጣ በምን ይታወቃል?
3. በቀበሌያችሁ ሞተር ሳይክል ስንት ሰው ይጭናል? ስንቱስ የራስ ቁር ያደርጋል?